ማዕድ ላይ ዝም ማለት

አትክልት አልበላም ያለ ልጅ አጠገብ የተቀመጠ አዋቂ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። «አንድ ማንኪያ ብቻ።» «ለእኔ ስትል።» «ብትበላ እኮ ጎበዝ ትሆናለህ።» «እህትህ ጨረሰች፣ አንተስ?» ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጨረሻው መሣሪያ ይመዘዛል፦ «ይቺን ካልጨረስክ ጣፋጭ የለም።»

ልጁ ይህን ሁሉ ሲሰማ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ብስኩት ብላ ብሎ የለመነው ሰው የለም። ብስኩት ስለጨረሰ ያጨበጨበለትም የለም። ታዲያ ይህ የሚለመንበት፣ ጉቦ የሚቀርብበት፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አፉን የሚጠብቅበት ነገር መጥፎ ካልሆነ ይህ ሁሉ ግርግር ለምን አስፈለገ? ከቀረበለት ማስረጃ ተነስቶ ለሚፈርድ ሰው ፍርዱ ትክክል ነው።

እኔ ከብዙ እራት በኋላ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ቤተሰብ አትክልት እንዲበላ የሚለፋው ሰው ልፋቱን በሙሉ ምድጃው ዘንድ ይጨርስ፤ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ዝም ይበል። አብዛኛው ቤት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጎመኑን ውሃ ውስጥ ጨምሮ ይረሳዋል፣ ከዚያ ያጣውን ጣዕም በንግግር ለመተካት ግማሽ ሰዓት ይሟገታል።

ግዳጅ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማየት የአሜሪካውን ፕሬዝዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ብሮኮሊ እንደማይወዱ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ልጅ ሳሉ እናታቸው እያስገደዱ ያበሏቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ፕሬዝዳንት ስለሆኑ ከእንግዲህ እንደማይበሉት አከሉበት። አምራቾች በምላሹ ብሮኮሊ በመኪና አስጭነው ላኩላቸው። ሰውዬው ያኔ 65 ዓመታቸው ነበር፤ ጦርነት አይተው፣ የስለላ ድርጅት መርተው፣ አገር እየመሩም ያ የልጅነት ሳህን ከአእምሯቸው አልወጣም። ሁሉም ይስቅበታል፤ እኔ ግን ታሪኩን ባስታወስኩ ቁጥር የማስበው እናትየዋን ነው። ያሰቡት ለልጃቸው ጤና ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ግትርነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን ልጅ ሳሉ በግድ የበሉት ምግብ ካለ ጠይቋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ትዝታ ካላቸው ውስጥ አብዛኞቹ ያንን ምግብ ዛሬም በፈቃዳቸው እንደማይነኩት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ሁለት ዓይነት ሾርባ አቀረቡ። በአንደኛው ጊዜ አንድ አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ «ሾርባችሁን ጨርሱ» ይላል፤ በሌላኛው ማንም ምንም አይልም። ሕፃናቱ ብዙ የበሉት ማንም ያልጎተጎታቸውን ነው። «ጨርሱ» በተባሉበት ላይ ደግሞ ማጉረምረሙ በዛ። ልብ በሉ፣ ቁጣ አልነበረም፤ በትሕትና የተነገረ ቃል ነው ይህን ያደረገው።

የሽልማቱ ጉዳይ ትንሽ ይወሳሰባል። የልጆችን አመጋገብ ለአሥርተ ዓመታት ያጠናችው ሊያን በርች ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሥራ፣ አንድ ነገር ከወሰዱ ሽልማት እንደሚያገኙ የተነገራቸው ሕፃናት ለዚያ ነገር የነበራቸው ፍቅር እንደቀነሰ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ግን ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ልጆች የማይወዱትን አትክልት በየቀኑ በትንሹ ሲቀምሱ ተለጣፊ ሥዕል ወይም የምስጋና ቃል ከተሰጣቸው፣ ከሦስት ወር በኋላም መብላታቸው እንደቀጠለ አገኘ። እኔ ሁለቱን የማስታርቀው እንዲህ ነው፦ ለመቅመስ ድፍረቱ ትንሽ ነገር መስጠት ሌላ፣ ሳህን ለመጨረስ ጣፋጭ መክፈል ሌላ። ጣፋጩ ሽልማት በሆነ ቁጥር ቅጠሉ ቅጣት ይሆናል። ስለዚህ ጣፋጭ ባለበት ቀን ሁሉም ያገኛል፣ አትክልቱን የበላም ያልበላም። ይህን ለመቀበል ባለቤቴ ከልጆቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ነው። ከቀረበው ውስጥ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ሰው የሚረሳው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ዝም ማለት ማለት ልጁ የፈለገውን ማዘዝ ይችላል ማለት አይደለም። ሌላ ምግብ ተነስቶ አይሠራለትም፤ ከቀረበው ውስጥ ግን የሚያውቀውና የሚወደው ቢያንስ አንድ ነገር ይኖራል። ጾሙን እንደማያድር ካወቀ ትከሻው ይወርዳል፤ ትከሻው የወረደ ልጅ ደግሞ አዲስ ነገር ይነካል።

ልጁ «ይመራል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ ኬሚስት ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ዱቄት ሲቦንንበት አጠገቡ ያለው ባልደረባው በጣም መረረኝ ብሎ አማረረ፤ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰውም። የሰው ምላስ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው በዘር ከሚወረስ አንድ የጣዕም ተቀባይ የሚመጣ መሆኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታወቀ። ይኸው ተቀባይ በጎመን ዘሮች፣ ማለትም በጎመን፣ በጥቅል ጎመን፣ በብሮኮሊና በመሰሎቻቸው ውስጥ ካለው ምሬት ጋርም ይገናኛል። እናም ከአንድ ድስት የወጣ አንድ ጭልፋ ጎመን ለአባት ለስላሳ፣ ለልጅ ደግሞ መድኃኒት የሚመስል ሊሆን ይችላል። «የት አለ ምሬቱ? እኔ እየበላሁት አይደል?» የሚለው ክርክር መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች አዲስ ምግብን ይፈራሉ። ትናንት የበላውን ካሮት ዛሬ በእጁ የሚገፋው ልጅ አልተበላሸም፤ ዕድሜው ነው። ፍርሃቱ የሚለቀው በመላመድ ሲሆን፣ ጥናቶቹ አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልግ እንደሚችል ይናገራሉ። ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ምላስ መንካት አለበት። ታዲያ ሳያስገድዱ እንዴት ይቀመሳል? የሚቀርበው መጠን እንደ አተር ፍሬ ትንሽ ይሁን። ካልጣመው ደግሞ በናፕኪን አውጥቶ ማስቀመጥ ይፈቀድለት። የመትፋት መብት ያለው ልጅ አፉን ለመክፈት አይፈራም። ይህን ለእንግዳ ማስረዳት ትንሽ እንደሚያሳፍር አልክድም።

መላመዱ እንዲያውም ከመወለድ በፊት ይጀምራል። ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ አዘውትረው የጠጡላቸው ሕፃናት፣ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ በተሻለ ተቀብለውታል። ጣዕሙ በእንሽርት ውሃና በጡት ወተት በኩል ይደርሳቸዋል። ያለፈው አልፏል፤ ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት ግን ጥሩ ዜና ነው።

ስለ መጠን ብዙ አልቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች 350፣ ከ2 እስከ 5 ላሉት ደግሞ 250 ግራም። ድንች ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስከፋው ይህ ነው። አንድ ድርሻ 80 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የበሰለ ከሆነ ሞላ ያሉ ሦስት የሾርባ ማንኪያዎች ማለት ነው። እኔ ሚዛን አላወጣም። ምሳና እራት ላይ የየሰዉ ሳህን ምን ያህሉ በአትክልት እንደተሸፈነ በዓይን ማየት ይበቃኛል።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነውና።

«አትክልት አልወድም» የሚሉ ብዙ ሰዎች የማይወዱት ከልክ በላይ የተቀቀለ አትክልት ነው። የጎመን ዘሮች ረጅም ጊዜ ሲፈሉ ውስጣቸው ያሉት ድኝ ያለባቸው ውህዶች እየተሰበሩ ቤቱን በሙሉ የሚሞላውን ያንን ሽታ ይለቃሉ። ሽታው ደግሞ ከምግቡ ቀድሞ ልጁ ክፍል ይደርሳል። መፍትሔው ጊዜን ማሳጠር ነው። ጥቅል ጎመንን በቀጭኑ ከትፎ በጋለ መጥበሻ፣ በትንሽ ዘይትና ጨው፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ብቻ ማመስ። ሲነከስ ትንሽ መጮህ አለበት። ያንኑ ጎመን አንድ ሰዓት ቀቅሎ ያቀረበ ሰው ሌላ ምግብ ነው ያቀረበው።

ቡናማ የሚለውን ቃል በዋዛ አላነሳሁትም። ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ አይሞቅም። ጥብስን ጥብስ የሚያሰኘው ለውጥ፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ በደንብ የሚታየው ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። የተቀቀለ ነገር ድስት ውስጥ የቱን ያህል ቢቆይ ያንን ጣዕም የማያገኘው ለዚህ ነው። አበባ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርት፣ ብሮኮሊ፣ ሁሉም በ200 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከፍ ባለ ኦቨን ውስጥ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሲቆዩ ስኳራቸው ይወጣል፣ ምሬታቸው ወደ ኋላ ይላል። ሁለት ነገር ብቻ መጠንቀቅ ነው። አትክልቱ ከታጠበ በኋላ በደንብ ይድረቅ፤ ትሪው ላይ ደግሞ አይጨናነቅ። ተደራርቦ ከተቀመጠ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል፣ ከዚያ ያው ተመለስን ማለት ነው። ኦቨን የሌለው ሰው ወፍራም መጥበሻ በደንብ አግሎ፣ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ፣ ቶሎ ቶሎ ሳያማስል ተመሳሳይ ነገር ማግኘት ይችላል።

አረንጓዴ የሆኑት ሌላ ጠባይ አላቸው። ፎሶሊያና ቆስጣ አረንጓዴ ቀለማቸውን የሚያጡት ቀለሙ ውስጥ ያለው ማግኒዥየም በሙቀትና በአሲድ ሲለቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ውሃ በደንብ ይፍላ፣ ጨው ይግባበት፣ ድስቱ አይከደን፣ ፎሶሊያው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይውጣ። ሎሚ የሚጨመቀው ሊበላ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከገባ ቀለሙ ወደ ወታደር ልብስ ይቀየራል። ልጆች በዓይናቸው ይበላሉ፤ አዋቂዎችም እንደዚያው፣ ግን አናምንም።

ጨውም ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ጨው ምሬትን እንደሚያፍንና በዚህም ሌሎቹ ጣዕሞች ጎልተው እንዲወጡ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጤናማ ይሁን ተብሎ ያለ ጨውና ያለ ዘይት የቀረበ ብሮኮሊ ምሬቱ ራቁቱን ነው የቀረበው። ማብዛት አያስፈልግም፤ ቁንጥር ይበቃል። ዘይቱም ቢሆን ለጣዕም ብቻ አይደለም። ካሮትና ቆስጣ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን፣ በደንብ የሚመጠጠው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው። በሌላ በኩል ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል፤ የቀቀሉበትን ውሃ የደፋ ሰው የተወሰነውን አብሮ ደፍቷል። ሾርባ ከሆነ ግን ምንም አይደፋም።

ሾርባ ካነሳሁ ስለ መደበቅ ልናገር። አትክልት ፈጭቶ በሚወዱት ምግብ ውስጥ መቀላቀል ሕፃናት የሚበሉትን የአትክልት መጠን እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል፤ ይሠራል። እኔም ዱባ ፈጭቼ ሱጎ ውስጥ እጨምራለሁ። አልደብቀውም እንጂ። የተጠየቅኩ እንደሆነ «ዱባ አለበት» እላለሁ። ሌት ተቀን በሚስጥር የሚያበላ ቤት ልጁን ዱባ አላስተማረውም፤ ሱጎ ነው ያስተማረው። አንድ ቀን ነገሩ ሲነቃ ደግሞ ሱጎውም አብሮ ይጠረጠራል።

ባለቤቴ ከልጆቹ የባሰ ነበር። ለእሱ አትክልት ማለት ሥጋው ብቻውን እንዳይሆን ሳህኑ ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ነው። ስለ ልብና ስለ ደም ግፊት የተነገረው ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጥቷል። የለወጠው ትሪ ነው። ከኦቨን የወጣ አበባ ጎመን ምድጃው ላይ ሲቀዘቅዝ ያየ ሰው ቆሞ በእጁ አንድ ያነሳል፣ ከዚያ ሌላ። ማዕዱ ሲቀርብ ትሪው ተጋምሶ አገኘዋለሁ። ልጆቹ ደግሞ አባታቸው ተደብቆ የሚበላው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ወጥ ቤት ይገባሉ። እኔ ምንም አልተናገርኩም።

ትልቋ ልጄ ዕድሜዋ ሁሉንም ነገር እምቢ የሚያሰኝ ነው፤ «ብዪ» ከተባለች አለቀ። ለእሷ የሠራው ሥልጣን ነው። የሰላጣው ማጣፈጫ የእሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም። 3 እጅ ዘይት፣ 1 እጅ ሎሚ ወይም አቼቶ፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ ጨው፤ ክዳን ባለው ጠርሙስ ተደርጎ መናጥ። ሰናፍጩ ዘይቱና ሎሚው ቶሎ እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። አንዳንድ ቀን ሎሚው ይበዛና ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንበላለን። የሠራችውን ግን ትበላዋለች።

ከሁሉም ቀላሉና ብዙ ሰው የማይሞክረው ነገር ሰዓቱ ነው። እራት እየበሰለ እያለ፣ ልጆቹ «ራበኝ» እያሉ ወጥ ቤት በር ላይ ሲመላለሱ፣ የተቆራረጠ ኪያርና ካሮት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። «ብሉ» አይባልም። ባርባራ ሮልስ የምትመራው የአሜሪካ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሥራ ለትንንሽ ልጆች ከዋናው ምግብ በፊት ካሮት አቀረበ፤ መጠኑ ከ30 ወደ 60 ግራም ሲያድግ የበሉት ካሮት በግማሽ ገደማ ጨመረ። ረሃብ ከማንም አባባይ ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ከ4 ዓመት በታች ላሉት ጥሬ ካሮት በክብ ተቆርጦ አይሰጥ፣ ሊያንቅ ይችላል። ይፈግፈግ፣ ወይም በደንብ በስሎ በቀጭኑ ይቆረጥ።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነገር ዝግጁ ከሆነ ነው። ደክሞት የገባ ሰው አፈር ያለበትን ቆስጣ አያጥብም፤ እንቁላል ይጠብሳል። ስለዚህ እንደተገዛ መታጠብ፣ በደንብ መድረቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት። እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ ቅጠል ቶሎ ይላሽቃል። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ አተርና የተከተፈ ፎሶሊያ ይኑር። የቀዘቀዘ አትክልት ያረጀ ማለት አይደለም፤ በተለቀመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ከሰነበተ «ትኩስ» ቆስጣ ይልቅ ቫይታሚን ሲ ሊበዛበት ይችላል።

የቀረው እናቴ ናት። ስትመጣ ሕጉ ሁሉ ይፈርሳል። የትንሹን ሳህን አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም።

«እንዴ፣ ይሄ ልጅ ሳይበላ ሊያድር ነው? ና የእኔ ጌታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለእኔ ስትል!»

«እማዬ፣ ተዪው፣ እባክሽ።»

«አንቺን ለምኜሽ ባላበላሽ ኖሮ ዛሬ ትቆሚ ነበር?»

ይህን ጥያቄ የምመልስበት ጥናት የለኝም። ባለፈው ጊዜ ግን ሌላ ስምምነት ላይ ደረስን፤ እሷ ካሻት የእሱን ድርሻ ራሷ እየበላች እንዴት እንደጣማት ማሳየት ትችላለች፣ ወደ እሱ ማንኪያ መዘርጋት ግን የለም። እሺ አለች። ቀይ ሥሩን እያንዳንዱን «እሰይ! እንዴት ይጣፍጣል!» እያለች አጣጥማ በላችው። ልጁ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። እሷ ግን የሁለት ሰው ድርሻ ጨርሳ፣ ድስቱ ውስጥ የቀረ እንዳለ ጠየቀችኝ።